«ብረት ከነካው ይዛመታል» ለተባለች እህት፦ ስለ ጡት እብጠት ኦፕራሲዮን

ጥያቄው ረዘም ያለ ነበር፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ዶክተር፣ 22 ዓመቴ ነው። የምኖረው ጅማ ነው፤ ቤተሰቦቼ አጋሮ ናቸው። የዛሬ 10 ወር ገደማ ግራ ጡቴ ላይ ትንሽ እብጠት ዳሰስኩ። ስለማያመኝ ዝም አልኩት። አሁን ግን በልብስ ላይ ያስታውቃል። አልትራሳውንድ 9 ሴንቲ ሜትር አለው። በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ ‹ፋይብሮአዴኖማ› የሚል ውጤት መጣ። ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል ተባልኩ። አክስቴ ‹ብረት ከነካው ይዛመታል› ብላ ከልክላኛለች። ሌላ ሰው ደግሞ ጡቱ በሙሉ ነው የሚወጣው አለኝ። ከስድስት ወር በኋላ ሰርጌ ነው። ጡቴ ይበላሻል? ወደፊት ማጥባት እችላለሁ? ሲሊኮን ማስገባት አለብኝ? አዲስ አበባ ልሂድ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የሚያስጨንቅሽን ላንሳልሽ። ውጤቱ እንደሚለው ከሆነ ይሄ ካንሰር አይደለም። የሚወጣውም እብጠቱ እንጂ ጡትሽ አይደለም። ብዙ ሴት እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው ብላ ትፈራና ቤቷ ትቀመጣለች። እብጠቱ ደግሞ አይጠብቃትም፤ ያድጋል። ቆይቶ ሲወጣ ኦፕራሲዮኑም ይሰፋል፣ ጠባሳውም ይረዝማል።

ፋይብሮአዴኖማ ከጡት እጢና እጢውን ደግፎ ከሚይዘው ሥጋ የሚነሳ እብጠት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 35 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ይታያል። ሲዳሰስ ድቡልቡል፣ ለስላሳ ጠርዝ ያለውና ከጣት ሥር የሚንሸራተት ነው። ከሴት ሆርሞን ጋር የተያያዘ ስለሆነ በእርግዝና ጊዜ ሊያድግ ይችላል፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ይቀንሳል። አብዛኛው ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ትንሽ ከሆነ፣ ምንነቱ ከተረጋገጠና ካላደገ እኔ ኦፕራሲዮን አልመክርም። በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ማየት ይበቃል። አንዳንዱ እንዲያውም ራሱ እየከሰመ ይጠፋል።

ያንቺው ግን ከዚህ መስመር አልፏል። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነውን እኛ «ግዙፍ» የሚል ቅጽል እንሰጠዋለን። በ10 ወር 9 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ መውጣት አለበት። ኦፕራሲዮን ብሎ የነገረሽ ሐኪም ልክ ነው።

ነገር ግን ቀን ከመቁረጥሽ በፊት አንድ ጥያቄ እንድትጠይቂው እፈልጋለሁ። «ኮር ባዮፕሲ ያስፈልገኛል ወይ?» በይው።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ፋይሎደስ የሚባል ሌላ እብጠት አለ። ሲዳሰስ ከፋይብሮአዴኖማ ጋር ቁርጥ ነው። በአልትራሳውንድም ይመሳሰላል። እሱም ቶሎ ነው የሚያድገው። በብዛት የሚታየው በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ ነው፤ ሆኖም ወጣት ላይም ይገኛል። አንቺ የተወሰደልሽ ቀጭን መርፌ የሚያወጣው የተበታተኑ ሕዋሶችን ነው። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመለየት ጥሩ ነው። ፋይሎደስን ከፋይብሮአዴኖማ ለመለየት ግን ብዙ ጊዜ ያቅተዋል። ኮር ባዮፕሲ ላይ መርፌው ወፈር ይላል። ቦታው በማደንዘዣ ይደነዝዛል፣ ከዚያ የክብሪት እንጨት ውፍረት እንኳ የማይሞሉ ጥቂት ቁራጮች ይወጣሉ። ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም፣ ሕዋሱን ብቻ ሳይሆን አሰዳደሩንም ያያል።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? ፋይብሮአዴኖማ የራሱ ሽፋን ስላለው ብቻውን ተላቆ ይወጣል። ፋይሎደስ ከሆነ ዙሪያው ምንም ሳይቀር በንጹሕ ጠርዝ መውጣት አለበት፣ ካለዚያ ተመልሶ ይበቅላል። ፋይሎደስ ራሱ ሦስት ደረጃ አለው፦ ደህና የሚባለው፣ መሃል ላይ ያለውና አደገኛው። ለሁለቱ ኋለኞች በዙሪያው 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጤነኛ ሥጋ አብሮ ይወጣል። ሐኪሙ የቱን እንደሚያወጣ ቀድሞ ካወቀ ሁለተኛ ጊዜ ማደንዘዣ አትወስጂም።

አሁን ወደ አክስትሽ። እሳቸውን አትቆጪያቸው። ያዩትን ነው የሚናገሩት። በእኛ አገር የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ ሆስፒታል የምትደርሰው ዘግይታ ነው። ቅጠሉም ተሞክሮ፣ ጸበሉም ተሞክሮ፣ ዱዓውም ተደርጎ፣ እብጠቱ ሲቆስል ነው የምትመጣው። ያኔ በሽታው ቀድሞ ሳንባና ጉበት ገብቷል። ኦፕራሲዮን ትደረጋለች፣ ከዓመት በኋላ ታልፋለች። ሰፈሩ ያየው ቢላውን ነው፤ ከቢላው በፊት የነበረውን አላየም። የተዛመተው ብረት ስለነካው ሳይሆን ብረት ሳይነካው ስለቆየ ነው። ፋይብሮአዴኖማ ደግሞ ከነጭራሹ የሚዛመት በሽታ አይደለም። ቢቻል በሚቀጥለው ቀጠሮ አክስትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። በእኔ ልምድ እናትና አክስት ሐኪሙን ራሳቸው ጠይቀው መልስ ሲያገኙ ከማንም በላይ አጋዥ ይሆናሉ።

«ጡቴ ይበላሻል ወይ?» ላልሽው ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የማይነገረው እዚህ ላይ ነው።

የጡትሽን ቅርጽ የሚወስነው በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን የሚደረገው ነው። በኋላ ከሚመጣው ማስተካከያ ሁሉ እሱ ይበልጣል። ስለዚህ ሐኪምሽን «የት ላይ ነው የሚቀደደው?» ብለሽ ጠይቂው። አታፍሪ፣ ሰውነቱ ያንቺ ነው። እብጠቱ ጎልቶ በታየበት ቦታ፣ ከላይ ደረት ላይ መቅደድ ለሐኪሙ ይቀላል፤ ለአንቺ ግን ሁልጊዜ የሚታይ ጠባሳ ይተዋል። ለእንዳንቺ ዓይነቱ ትልቅ እብጠት እኔ የምመርጠው ከጡት ሥር ያለውን እጥፋት ነው። ቆመሽ ስትታዪ ጠባሳው እጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል። ትንሽ እብጠት ሲሆን ደግሞ በጡት ጫፍ ዙሪያ ያለው የጠቆረው ቆዳ ጠርዝ ላይ መቅደድ ይቻላል፤ የቀለሙ ልዩነት ጠባሳውን ይሸፍነዋል።

ኦፕራሲዮኑ ቀን ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ማደንዘዣ ከመውሰድሽ በፊት ሐኪሙ ቁጭ በይ ወይም ቁሚ ብሎሽ በእስክርቢቶ ያሰምርብሻል። ይሄ ጨዋታ አይደለም። አልጋ ላይ ስትተኚ ጡት ወደ ጎን ስለሚሸሽ እጥፋቱ ቦታውን ይለቃል። ተኝተሽ የተሰመረ መስመር ስትነሺ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይገኛል። መጠኑ ትልቅ ስለሆነ ሙሉ ማደንዘዣ ነው የሚሰጥሽ። ቆዳው ከእብጠቱ ስፋት ባነሰ ልክ ይከፈታል፤ ቆዳ ስለሚለጠጥ በዚያ በኩል ይወጣል። ሽፋኑ ላይ ሲደረስ እብጠቱ በጣት እየተላቀቀ ይመጣል። ደም የሚያመጡለት ሥሮች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ባዶ የቀረውን ቦታ ግን በጥልቅ ስፌት ጎትቶ መግጠም ደግ አይደለም። ቆዳውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ጉድጓድ ይሠራል። የላይኛው ስፌት ከቆዳ ሥር፣ በሚሟሟ ክር ይሆናል። አንዳንዴ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ቀጭን የደም ማስወጫ ቱቦ ይቀመጣል።

ከዚያስ? መጀመሪያ ሳምንት ላይ መስታወት ስታዪ ትደነግጫለሽ። ግራው ጡት ጎደሎ፣ ቆዳውም የላላ ይመስላል። ያን ጊዜ ነው «ሲሊኮን» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው። ታገሺ። እብጠቱ ሲያድግ ጤነኛውን የጡት ሥጋ አልበላውም፤ ገፍቶ ዳር ላይ ጨፍልቆታል። ጭነቱ ሲነሳለት በወራት ውስጥ ተመልሶ ይሞላል። የተለጠጠው ቆዳም በ22 ዓመት ዕድሜ ይሰበሰባል። ለዚህ ነው «ትርፍ ቆዳውን አብሬ ልቁረጥልሽ» የሚል ሐኪም ካጋጠመሽ «ቆይተን እንየው» ብትይው የምመርጠው። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ጠብቂ። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ሌላ ኦፕራሲዮን አያስፈልጋቸውም።

ከዓመት በኋላ ልዩነቱ ጎልቶ ከቀረ መፍትሔው ብዙ ነው። የወረደ ጡት ከፍ ይደረጋል። ትልቁ ጡት ከትንሹ እንዲመጣጠን ይቀነሳል። ትንሽ ጉድጓድ ከሆነ ከሆድ ወይም ከጭን ስብ በመርፌ ተስቦ ይሞላል፤ ከገባው ስብ ከፊሉ ስለሚመጠጥ ግን ሊደገም ይችላል። ከጀርባ ጡንቻ ተወስዶ የሚሠራው ትልቁ ኦፕራሲዮን ለእንዳንቺ ዓይነቱ አይደለም፤ እሱ ብዙ ሥጋ ለታጣበት ነው። ሲሊኮን በመጨረሻ የሚታሰብ ነው። አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ አይደለም። ዙሪያው ሊጠነክር፣ ሊቀደድም ይችላል። ባለ 22 ዓመት ሴት ካስገባች በሕይወቷ ቢያንስ አንዴ እንደምትቀይረው አስባ ነው መግባት ያለባት። አሜሪካኖች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1962 ጀምረውት በ1992 ለአብዛኛው ሰው አግደውት ነበር፤ መልሰው የፈቀዱት በ2006 ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላውራሽ። ጡትን መልሶ የመሥራት ሕክምና ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው ካንሰርን ነው። ግን በታሪክ መጀመሪያ ተብሎ የሚጠቀሰው ሥራ የተሠራው ካንሰር ለሌላት ሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ቪንሰንት ቸርኒ የሚባል የሃይደልበርግ ቀዶ ሐኪም የአንዲት ዘፋኝን ጡት በደህና እብጠት ምክንያት አወጣ። ወገቧ አካባቢ የስብ እብጠት ነበረባት። እሱን አውጥቶ ጡቷ በነበረበት ቦታ ተከለው። ያኔ ለደህና እብጠትም ጡት በሙሉ ሊወጣ ይችል ነበር ማለት ነው። ዛሬ እንዲህ አናደርግም፤ «ሙሉ በሙሉ ነው የሚወጣው» ያለሽ ሰው ወሬው ትንሽ አርጅቶበታል።

ማጥባትን በተመለከተ፣ ከእጥፋቱ በኩል ሲገባ የወተት ቱቦዎቹ የሚሰበሰቡበት የጡት ጫፍ ሥር አይነካም። ስለዚህ ታጠቢያለሽ። በጡት ጫፍ ዙሪያ ሲቀደድ ግን የተወሰኑ ቱቦዎች ሊቆረጡ፣ የጫፉ ስሜትም ሊቀንስ ይችላል። ያም ሆኖ ሌላኛው ጡት አለ፤ ልጅ አይራብም።

ሰርጉ። ስድስት ወር በቂ ነው። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ገደማ ይዘጋል። ከባድ ዕቃ ግን ለሦስትና አራት ሳምንት አታነሺም። ቤተሰቦችሽ አጋሮ ናቸው ብለሻልና፣ የቡና ለቀማ ላይ ከሆናችሁ ቅርጫቱን ለሌላ ስጪ። ቅርንጫፍ ለመጎተት ክንድን ወደ ላይ መዘርጋትም ስፌቱን ይስበዋል። ለጥቂት ሳምንታት ቀንም ሌሊትም ደህና አድርጎ የሚይዝ ጡት መያዣ ልበሺ፤ ብረት ያለውን ግን አይደለም። የሙሽራ ልብስሽን ልክ ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በፊት እንዳታስወስጂ። ከሰርግ በኋላ ይደረግ የሚሉሽ ካሉ አትስሚያቸው፤ እርግዝና ከቀደመ እብጠቱ የበለጠ ሊያድግ ይችላል።

ቤተሰባችሁ ውስጥ ጠባሳው አብጦ የሚቀር ሰው ካለ፣ ወይም የጆሮሽ ቀዳዳ እንደዚያ ካበጠ፣ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው። እሱ ኬሎይድ ነው። እኛ ጥቁሮች ላይ ይበዛል፣ ደረት መሃል ላይ ደግሞ ይብሳል። ቀድሞ ከታወቀ ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሲሊኮን ልጥፍ ይደረጋል፤ ማበጥ ከጀመረ ትራያምሲኖሎን የሚባል መድኃኒት ጠባሳው ውስጥ ይወጋል። ቫዝሊን ጉዳት የለውም። ቅጠልና ማር ግን ክፍት ቁስል ላይ አታድርጊ።

አዲስ አበባ? ለዚህ አያስፈልግሽም። ፋይብሮአዴኖማ ማውጣት ማንኛውም ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም በየጊዜው የሚሠራው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቀዶ ሐኪሙም ፓቶሎጂውም አለ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ኦፕራሲዮን አድርጎ፣ ትኩስ ስፌት ይዞ በመኪና እየተንገጫገጩ መመለስ ምን ይባላል? ደሙ ቢጠራቀምስ ማን ያይልሻል? ከዓመት በኋላ የቅርጽ ማስተካከያ ካስፈለገ ያኔ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ወዳለበት ሪፈር ትጠይቂያለሽ፤ ለምሳሌ የካቲት 12 ሆስፒታል ክፍሉ አለው። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ ደግሞ ሪፈሩን ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በደረጃው አስይዢው፤ ዘለሽ ከሄድሽ ከኪስሽ ነው የምትከፍዪው።

ይሄን የሚያነቡ ሌሎች ሴቶች ስለሚኖሩ፣ ቢላ መቅደም ስለሌለበት ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው የምታጠባ እናት መግል ነው። ጡቷ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩሳት ሲይዛት መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ይቀደድ» የሚል ነው። ዛሬ ግን ብዙውን በአልትራሳውንድ እያዩ በመርፌ መምጠጥ ይቻላል፤ ካስፈለገ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይደገማል፣ ከአንቲባዮቲክ ጋር። የሚቀደደው ቆዳው ሳስቶ ሊፈነዳ ሲል፣ ወይም መግሉ በጣም በዝቶ በመርፌ አልወጣ ሲል ነው። ማጥባቱን ደግሞ አታቋርጥ። ወተቱ ሲቆም ነው የሚብሰው።

ሁለተኛው እየቆሰለ፣ እየደረቀ፣ እንደገና በሌላ በኩል የሚፈነዳ እብጠት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀድዶለት ያልዳነ ጡት ካያችሁ ቲቢ ሊሆን ይችላል። አዎ፣ ቲቢ ጡትም ላይ ይወጣል። ናሙናው ለፓቶሎጂና ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራ ይላካል። ቲቢ ከሆነ የስድስት ወር መድኃኒቱ ያድነዋል። ካልሆነ ደግሞ ግራኑሎማተስ ማስታይተስ የሚባለው፣ ከወለዱ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የሚመጣው የጡት መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ እሱም በትዕግሥትና በመድኃኒት ነው የሚታከመው። እነዚህን በቢላ ማሳደድ ጡቱን አጥፍቶ በሽታውን ያስቀራል። የጡት ቅርጽ ከምርም ተበላሽቶ የማየው በፋይብሮአዴኖማ ሳይሆን በእነዚህ ነው።

ዕድሜሽ 40 ያለፈ፣ ከጡት ጫፍሽ ደም የሚወጣ፣ ቆዳው ወደ ውስጥ የተሳበ ወይም በብብትሽ እጢ ያለ አንባቢ ከሆንሽ ግን ከላይ ያልኩት ሁሉ ላንቺ አይደለም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋር ሂጂ።

ወደ አንቺ ልመለስ። የወጣው እብጠት ፓቶሎጂ መሄድ አለበት፤ መርፌው ምንም ቢል። አንዳንድ ቦታ «ደህና ነው፣ አይተነዋል» ተብሎ ይጣላል። አትፍቀጂ። ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ሙሉውን መግባቱን፣ ዕቃው ላይ ስምሽና የካርድ ቁጥርሽ መጻፉን አብሮሽ የሚመጣው ሰው ይይ። ውጤቱ ሲወጣ ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ወደፊት ነፍሰ ጡር ሆነሽ ሌላ እብጠት ብትዳስሺ፣ የሚያይሽ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ያንን ወረቀት ነው።